የበለዘ ጥርስ፣ የሚያድግ ሐይቅ

ወንጂ ውስጥ አንዲት እናት ቡና አፍልተውልኝ ነበር። ሲስቁ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ይወስዳሉ። ሁለተኛው ስኒ ላይ ዓይኔ ነጠላውን እንደተከተለ አስተውለው ኖሮ እጃቸውን ዝቅ አደረጉ። የፊት ጥርሶቻቸው እንደ ቡና አተላ ጠቁረዋል፤ አንዳንዶቹ ጠርዛቸው ተሸራርፏል። «አትሳቀቅ ልጄ፣ ውሃው ነው። እዚህ የተወለደ ሁሉ እንዲህ ነው» አሉኝ። ከስኳር ፋብሪካው ጡረታ የወጡት ባለቤታቸው ግድግዳውን ተደግፈው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። የእሳቸው ጥርስ ነጭ ነው። እኔን ለማየት ሲፈልጉ ግን አንገታቸው አልዞረም፤ ከወገባቸው ጀምሮ መላ አካላቸውን ነው ያዞሩት።

አንድ ቤት፣ አንድ እንስራ፣ አንድ ውሃ፤ ሚስቲቱን ጥርሳቸው ላይ፣ ባልየውን አጥንታቸው ላይ መታቸው። የዚህን ምክንያት ለመረዳት ከቤቱ ወለል ሥር ወርደን ምድሩን ማየት አለብን።

ስለ ስምጥ ሸለቆ ሲወራ በብዙ ሰው ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው እሳተ ገሞራና የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ሁለቱም አሉ፤ ከታች እንደርስባቸዋለን። ነገር ግን ከሞጆ እስከ አዋሽ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖረውን ሕዝብ አካል አብልጦ የጎዳው፣ ድምፅ ሳያሰማ በቢጫ ጀሪካን ተሞልቶ ቤት የሚገባው ነገር ነው። በዚህ ጽሑፍ ሰፊውን ቦታ የምሰጠውም ለእሱ ነው።

መጀመሪያ ምድሩ። የአፍሪካ አህጉር እዚህ ለሁለት እየተከፈለ ነው። ምዕራቡ የኑቢያ፣ ምሥራቁ የሶማሌ ንጣፍ ይባላል፤ አፋር ላይ ሦስተኛው፣ የዐረቢያ ንጣፍ ይጨመርባቸዋል። ወንጂና መተሐራ ባሉበት ክፍል ሁለቱ ንጣፎች በዓመት ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። ይህ የጣት ጥፍር በአንድ ወር ተኩል ገደማ የሚያድገው ያህል ነው። በሰው ዕድሜ አይታይም፤ በአንድ ሚሊዮን ዓመት ግን 5 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሲለጠጥ የኖረ መሬት ይሳሳል፤ የሳሳው ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀው ወደ ታች ይሰምጣል። ከአዲስ አበባ በመኪና የወረደ ሰው ይህን በጆሮው ያውቀዋል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ተነስቶ መተሐራ ሲደርስ 950 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ጆሮው በየመሀሉ ድፍን ክፍት ሲል የሚወርደው የተሰበረውን ምድር ደረጃዎች ነው።

ስንጥቆቹ በዘፈቀደ የተበተኑ አይደሉም። በሸለቆው ወለል ላይ ተደርድረው ቀበቶ ሠርተዋል፤ በቀበቶው ላይ እነ ቦሰትና ፈንታሌ ተራሮች ቆመዋል። ጂኦሎጂስቱ ፖል ሞር ለዚህ ቀበቶ ስም ሲያወጣ «የወንጂ የስንጥቅ ቀበቶ» አለው። ስለዚህ በዓለም ዙሪያ የምድር መሰንጠቅን የሚያጠኑ ሰዎች ወንጂን ያውቋታል። እኛ ስኳሯን እናውቃለን፤ እነሱ ስንጥቋን ያውቃሉ።

አሁን ወደ ውሃው። በዚህ ቀበቶ ሥር የሚገኘው ቅልጥ አለት ሲፈነዳ ብዙውን ጊዜ አረፋማ ድንጋይ፣ አመድና ጥቁር የመስታወት ድንጋይ ሆኖ ይወጣል። በእንዲህ ዓይነቱ አለት ውስጥ ፍሎሪን የተባለው ንጥረ ነገር በብዛት ይከማቻል። በሸዋና በአርሲ ከፍታዎች ላይ የሚዘንበው ዝናብ በስንጥቆቹ እየሰረገ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። መንገዱ ረጅም ነው፤ ከሥር ያለው ሙቀት ደግሞ ውሃውን ያግለዋል። ሞቃት ውሃ በአመድና በመስታወት መሀል ለብዙ ዘመን ሲጓዝ ፍሎሪኑን እያሟሟ ይወስደዋል፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ፍሎራይድ እንለዋለን።

ይህ ብቻውን ችግሩን ባላከፋው ነበር። በብዙ ሌላ ቦታ ውሃ ውስጥ ካልሲየም ስለሚበዛ ፍሎራይዱን ይዞ መልሶ ወደ ድንጋይነት ይለውጠዋል። የስምጥ ሸለቆው የጉድጓድ ውሃ ግን ብዙውን ጊዜ ካልሲየሙ ጥቂት፣ ሶዲየሙና ባይካርቦኔቱ ብዙ ነው። ስለዚህ ፍሎራይዱ የሚይዘው አጥቶ በውሃው ውስጥ እንደሟሟ ይቀራል። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። ካልሲየም ያነሰው ውሃ ለእጅ ለስላሳ ነው፤ ሳሙና ቶሎ ያረፋል፣ ልብስ ሲያጥቡበት ሳሙና አይፈጅም። ሴቶች «ጥሩ ውሃ ነው» የሚሉት አንዳንዴ ይኸው ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ነው። መልኩ ጥርት ያለ ነው። አይሸትም። በምላስ አይታወቅም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ነው። በስምጥ ሸለቆአችን ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጡ ጉድጓዶች አሉ፤ በወንጂ ከ10 ሚሊ ግራም በላይ የተለካባቸውም ነበሩ። ወሰኑ ራሱ የተሰላው አንድ ሰው በቀን 2 ሊትር ያህል ይጠጣል ተብሎ ነው። ወንጂ ሜዳ ላይ በጠራራ ፀሐይ አገዳ ሲቆርጥ የሚውል ሰው 2 ሊትር አይበቃውም። ወጡ በዚያው ውሃ ይሠራል፤ ሊጡ በዚያው ይቦካል፤ ሻዩም በዚያው ይፈላል፤ የሻይ ቅጠል ደግሞ የራሱ ፍሎራይድ አለው።

እንግዲህ ወደ ባልና ሚስቱ እንመለስ። የጥርስን ውጫዊ ሽፋን ሰውነታችን የሚሠራው አንድ ጊዜ፣ በልጅነት ነው። እስከ 8 ዓመት ድረስ ብዙዎቹ ቋሚ ጥርሶች ድድ ውስጥ ሆነው ሽፋናቸው እየተሠራ ነው። በዚህ ዕድሜ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ የሚጠጣ ልጅ ሽፋኑ ሳይጠነክር፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ጥርሱ ሲበቅል መጀመሪያ ኖራ የተቀባ ይመስላል፤ ቆይቶ ቀለም እየጠጣ ይበልዛል። እናትየዋ የተወለዱት ወንጂ ነው። ባልየው ግን ከከምባታ የመጡት ጎልምሰው፣ ጥርሳቸው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ጥርሳቸው አልበለዘም። አጥንት ግን እንደ ጥርስ ሽፋን አንዴ ተሠርቶ አይተውም፤ ዕድሜ ልክ ሲፈርስና ሲታደስ ይኖራል። በታደሰ ቁጥር ፍሎራይድ ይገባበታል። ከዓመታት በኋላ አጥንቱ ይደነድናል፤ የጀርባ አጥንትን አንጓዎች የሚያያይዙት ጅማቶች ራሳቸው ወደ አጥንትነት ይለወጣሉ። አንገት አልዞር ይላል፣ ወገብ አልታጠፍ ይላል፤ በባሰበት ሰው ላይ ነርቭ ተጭኖ እግር ይሰንፋል።

የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ከደቡብ የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች በየካምፑ ሰፈሩ፤ ጉድጓድ ተቆፈረላቸው፤ ጠጡ። በዚያ ዘመን ንጹሕ ውሃ ማለት ከወንዝ ያልተቀዳ፣ ጀርም የሌለበት ውሃ ማለት ነበር፤ በዚህ መለኪያ ጉድጓዱ ንጹሕ ነበር። በኋላ የጎበጡና የደረቁ ሠራተኞች መታየት ጀመሩ። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በስምጥ ሸለቆው ያደረጉት ጥናት ጉዳቱን በሰነድ አስቀመጠ፤ የሠራተኞቹ ሕመም ከሚጠጡት ውሃ ጋር የተያያዘ መሆኑንም አገር እንዲያውቀው አደረገ። ፍሎራይዱን የሚቀንሱ ማጣሪያዎችም በወንጂ ተተክለው ነበር። የደረቀ ጀርባ ግን በማጣሪያ አይመለስም። ጡረተኛው ሽማግሌ ቁርጥማታቸው ሲጠናባቸው ሶደሬ ፍል ውሃ ይሄዳሉ፤ ሙቀቱ ያሳርፋቸዋል። ያሳመማቸውም የሚያሳርፋቸውም የዚያው ምድር ውሃ ነው።

ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ብናፈላውስ?» ብሎ ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን አይነካም። እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይበልጥ ይጠነክራል። የክሎሪን ጠብታም፣ በጨርቅ ማጥለልም ዋጋ የላቸውም። የሚሠሩ ዘዴዎች አሉ። አንዱ አሉምና ኖራ ውሃው ውስጥ በጥብጦ ማዝቀጥ ነው። ሌላው የከብት አጥንት ከስሎና ተፈጭቶ ውሃው በእሱ ውስጥ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። የኋለኛው የሚሠራበት ምክንያት በደንብ ሊጤን ይገባል። አጥንትና ጥርስ የተሠሩበት ማዕድን አንድ ነው፤ ፍሎራይድ ደግሞ ያንን ማዕድን ሲያገኝ ይጣበቅበታል። በልጁ ጥርስና በአባቱ ወገብ ላይ የሚጣበቀው ያው ፍሎራይድ በከሰለው የከብት አጥንት ላይ ተጣብቆ ይቀርና ሰውየው ይድናል። ይህ ማጣሪያ ሲመጣ ግን ከየቤቱ ጥያቄ ይነሳል፤ «አጥንቱ የምን እንስሳ ነው? ማን አረደው? በጾምስ ይጠጣል?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ማጣሪያውን ያመጣ ባለሙያ ከቄሱና ከሼኩ ጋር አስቀድሞ ካልተመካከረ ማጣሪያው ጥግ ተቀምጦ አቧራ ይጠጣል።

ሦስተኛው ዘዴ ቀላሉ ነው፤ ከሌላ ቦታ መጠጣት። ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ድንጋይ ስላልነካ ፍሎራይዱ ኢምንት ነው። ቆቃ አካባቢ ያለው የአዋሽ ወንዝ ውሃም ከጉድጓዱ በጣም ያነሰ ፍሎራይድ ስላለው ጀርሙ ከታከመ ይጠጣል። የናዝሬት፣ የዛሬዋ አዳማ ልጅ ድሮ በጥርሱ ይለይ ነበር። ዛሬ የአዳማ ከተማ የሚጠጣው ከአዋሽ ተስቦ የተጣራ ውሃ ነው፤ የእኚያ የወንጂ እናት የልጅ ልጅ አዳማ አድጋ ጥርሷ እንደ ወተት ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ገጠር ግን የጉድጓዱ ውሃ አሁንም ይጠጣል።

ከወንጂ ወደ ምሥራቅ እንሂድ። መተሐራ ሊደርሱ ሲሉ መንገዱ ውሃ ላይ የተዘረጋ ድልድይ ይመስላል። ያ በሰቃ ሐይቅ ነው። ከአንዱ ወገን ጥቁር፣ የተቆራረሰ የገሞራ ድንጋይ ሜዳ አለ፤ ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ከፈንታሌ የፈሰሰ ነው፤ በድንጋይ ዕድሜ ሲታይ የትናንት ነው። በውሃው ዳር የደረቁ የግራር ግንዶች እስከ ወገባቸው ሰምጠው ቆመዋል። ግራር ውሃ ውስጥ አይበቅልም። እነዚያ ዛፎች ሲበቅሉ ቦታው ደረቅ መሬት፣ የከረዩ አርብቶ አደሮች ከብቶች የሚግጡበት ነበር።

ከ60 ዓመት ገደማ በፊት የበሰቃ ስፋት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የባቡር ሐዲዱ ላይም አስፋልቱ ላይም ደርሶ ከፍ እንዲደረጉ አስገድዷል። ይህ መንገድ ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚወስደን ዋናው መስመር ስለሆነ የበሰቃ ጉዳይ የመተሐራ ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሀገሪቱ ዕቃ የሚያልፈው በዚያ ውሃ ላይ ነው።

ለምን ያድጋል? ባለሙያዎች ለሁለት ተከፍለው ሲከራከሩ ኖረዋል። አንደኛው ወገን ጥፋቱን በመስኖው ላይ ይጥላል፤ በሐይቁ አካባቢ ከተከፈቱት የሸንኮራና የሌሎች እርሻዎች የተረፈው ውሃ እየሰረገ የከርሰ ምድሩን ውሃ ከፍ አድርጎታል ይላል። ሁለተኛው ከሥር በስንጥቅ የሚመጣውን ፍል ውሃና የምድሩን መንቀሳቀስ ይጠራል። ለእኔ የሁለቱ ክርክር እንደሚባለው የተራራቀ አይደለም። በሰቃ መውጫ የሌለው ጎድጓዳ ነው፤ ጎድጓዳ ያደረገው ስምጥ ሸለቆው ነው። በእንዲህ ያለ ሳህን አጠገብ ሰፊ መስኖ ሲከፈት ትርፉ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ መጠየቅ ነበረበት። ውሃው ጨዋማና ፍሎራይዳም ስለሆነ አይጠጣም፣ እህል አያበቅልም። መንግሥት ከሐይቁ እየቀነሰ ወደ አዋሽ እንዲፈስ ያደረገው ሐይቁ ከተማውንና መንገዱን እንዳይውጥ ነው፤ ነገር ግን ከታች ያለው አርሶና አርብቶ አደር የሚጠጣውና የሚያጠጣው ያንኑ አዋሽ ነው። መጠኑ በጥንቃቄ ካልተለካ የመተሐራን ችግር ወደ አፋር ማሻገር ይሆናል። ከረዩዎች ደግሞ በሦስት በኩል ተገፍተዋል። የአዋሽን ዳር እርሻው ወሰደው፤ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሌላውን ከለለው፤ የቀረውን ሐይቁ እየዋጠው ነው።

አሁን ስለ መንቀጥቀጡ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መሀል ምድር ለወራት ተናወጠች። ታኅሣሥ 26 ቀን ከንጋት በፊት የተመዘገበው በመለኪያው ከ5.5 በላይ ነበር፤ የካቲት 7 ቀን ደግሞ 6.0 ደረሰ። አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ሌሊት ከአልጋው ተነስቶ በደረጃ ሮጧል። በዶፈን አጠገብ እንፋሎትና ጭቃ ከምድር ተተፋ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቤቱን ለቆ ሸራ ሥር ገባ። የሳተላይት ልኬቶች እንዳሳዩት ከሥር ቅልጥ አለት እንደ ቀጭን ግድግዳ ሆኖ ስንጥቁን እየሰረሰረ ይገባ ነበር፤ መሬቱን ያናወጠው እሱ ነው። ያ ቅልጥ አለት ከምድር ሥር ቀረ፤ ሁልጊዜ ግን አይቀርም። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ህንድ ደርሷል።

መንቀጥቀጥ ሰው የሚገድለው ብዙውን ጊዜ በቤቱ በኩል ነው። የአፋር ዳቦይታ ከታጠፈ እንጨትና ከሰሌን የተሠራ ነው፤ ቢወዛወዝ ይወዛወዛል፣ ቢወድቅም የሚወድቀው ሰሌን ነው። በ1953 ዓ.ም. የማጀቴን ከተማ ያፈረሰው፣ በ1961 ዓ.ም. አፋር ውስጥ የሰርዶን መንደር ያወደመው መንቀጥቀጥ የከበደው በድንጋይና በጭቃ ቤቶች ላይ ነው። ዛሬ በዚሁ ቀበቶ ላይ ከተሞቹ በብሎኬት እያደጉ ናቸው። ብሎኬቱ የሚሠራው ከእሳተ ገሞራው አረፋማ ድንጋይ ነው፤ ቀላልና ርካሽ ስለሆነ እልፍ ሰው ቤት አግኝቶበታል። ጥፋቱ ብሎኬቱ ላይ አይደለም። ጥፋቱ በአራቱ ማዕዘን የብረት ቋሚ ሳይቆም፣ ግድግዳው ከላይ በኮንክሪት ማሰሪያ ሳይታሰር ክዳኑ ሲጫንበት ነው። የሚጨምረው ጥቂት ብረትና ሲሚንቶ ነው። ግንበኛው ያውቀዋል፤ ባለቤቱ ካልጠየቀው ግን ወጪ ለመቀነስ ብሎ ያልፈዋል።

ለውሃውም ነገሩ እንዲሁ ነው፤ የሚጠይቅ ሰው ይፈልጋል። በስምጥ ሸለቆ ሁለት ጎረቤት ጉድጓዶች በፍሎራይድ መጠን በእጅጉ ሊለያዩ ይችላሉ፤ የአንዱን አይቶ ስለ ሌላው መናገር አይቻልም። እያንዳንዱ በየራሱ መለካት አለበት። ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ በወንጂም ሆነ በመቂ፣ በዝዋይም ሆነ በመተሐራ ዘመድ ያላችሁ፣ ወይም ከውጭ አገር ገንዘብ አዋጥታችሁ ለትውልድ ቀበሌያችሁ ጉድጓድ የምታስቆፍሩ፣ ቦኖው ተመርቆ ሪባን ከመቆረጡ በፊት አንድ ነገር አድርጉልኝ። ውሃው በሊትር ስንት ሚሊ ግራም ፍሎራይድ እንዳለው በቁጥር ጠይቁ፣ ወረቀቱን እዩ። ከ1.5 በላይ ከሆነና ሌላ ውሃ እስኪገኝ መጠበቅ ካለበት፣ ጉድጓዱ ለልብስ እጥበት ይሁን፤ ከጣሪያ የተጠራቀመው የዝናብ ውሃ ታክሞ በመጀመሪያ ለነፍሰ ጡሮችና ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ይቀመጥ።